ከደረጃቸው ያልወረዱት ዘበኛ

ሰው አገር ሲለውጥ ጉምሩክ ሻንጣውን ይበረብረዋል እንጂ ሙያውን የሚፈትሽለት የለም። ፈታሽ ቢኖርማ ድንበሩ ላይ፣ ደወሌ ኬላ ተጥሎ የቀረው ዲግሪ ብቻውን መጋዘን በሞላ ነበር። ደረጃ የሚባለውም ነገር እንደ አገሩ ነው። ድሬዳዋ ላይ "ጋሼ" ሲባል የኖረ ሰው ጅቡቲ ካርቲዬ ሁለት ሰፈር ሲደርስ "አንተ" ይባላል። ይህን ለማወቅ ጥናት ያስፈልጋል?

አስፈልጓል። የየአገሩን ሰው ሥራና ደረጃ እያነጻጸረች ሰንጠረዥ የምትሞላ አንዲት ፈረንሳዊት ጅቡቲ መጣችና እኔን አስተርጓሚ አድርጋ ቀጠረችኝ። ማዳም እላታለሁ። ጥያቄዋ ሁለት ነው፦ በአገርህ ምን ነበርክ? አሁንስ? ከዚያ እኔ ከሦስቱ ዓምዶች በአንዱ ላይ እጭራለሁ፤ ወጣ፣ ወረደ፣ ባለበት ቀረ። ዶራሌ ወደብ ላይ በአገሩ ነርስ የነበረ የከባድ መኪና ረዳት፣ መሃል ጅቡቲ ሜኔሊክ አደባባይ ላይ ደግሞ በአገሯ የባንክ ሠራተኛ የነበረች ሳህን አጣቢ መዘገብን። "ወረደ" የሚለው ዓምድ በጭረት ብዛት አጥር መሰለ። እኔ እንኳ፣ ለለቅሶ ቤት ቀልድ የማላጣው ሰውዬ፣ ያን ቀን ቀልድ አለቀብኝ።

በመጨረሻ ሀራሙስ በሚባለው የሀብታም ሰፈር፣ ባሕሩ አጠገብ ካለ ቪላ በር ላይ ዘበኛውን ልንጠይቅ ቆምን። ሰውየው ቀና ሲሉ አወቅኳቸው። መምህር ተካ ናቸው፤ ድሬዳዋ ስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩኝ። ሲያርሙ "ተሳስተሃል" አይሉም ነበር። ከስሕተቱ ሥር በጥፍራቸው ጫን አድርገው ዝም ይላሉ። ከዚያ ዝምታ አለንጋ ይሻለን ነበር።

እሳቸውም አውቀውኛል፤ ሰላምታ ግን የለም። አሁን ዘበኛ ነኝ አሉ፤ በአገሬም ዘበኛ ነበርኩ አሉ። ሳልጽፍ ስዘገይ፣ ማዳም አማርኛ እንደማትሰማ አይተው ጠጋ አሉኝ።

"ልጆቼ እዚህም እንደማስተምር ነው የሚያውቁት። መምህርም በለኝ፣ ዘበኛም በለኝ ልጄ፤ ሁለቱን ግን በአንድ መስመር ላይ አትጻፍብኝ።"

ቅጹ ስም እንደማይጠይቅ ልነግራቸው አሰብኩና አፈርኩ። ዘበኛ ነበሩ፣ ዘበኛ ናቸው ብዬ ተረጎምኩ። ማዳም ደስ አላት፤ በስንት ፍለጋ አንድ ያልወረደ ሰው ተገኘ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ያለው ሰው መቼም ሰንጠረዥ ሞልቶ አያውቅም።

እዚያው ቆሜ የቀኑን ጭረት ደመርኩ። ወረቀቱን ለማዳም ላቀብል ስል አንድ ጥፍር ከድምሩ ሥር መጥቶ ጫን አለ። ዝም አሉ። እኔም እንደ ድሮዬ ላብ አጠመቀኝ።

"አንድ ሰው ጎድሏል" አሉ።

እውነትም እሳቸውን ሳልቆጥር ነበር የደመርኩት። ሙያቸውን የካዱት ሰው የተሳሳተ ድምር ማሳለፍ ግን አልሆነላቸውም።

ጥፍር አስተርጓሚ አይፈልግም። ማዳም ተገርማ ይህ ዘበኛ የት ተማረ አለችኝ። ምን ልበላት? በእኛ አገር ዘበኛ ሁሉ እንዲህ ነው አልኳት። ማስታወሻዋን አውጥታ ይህንኑ ጻፈች። እንግዲህ የኢትዮጵያ ዘበኞች በሒሳብ የሌላውን አገር ዘበኛ ሁሉ ያስከነዳሉ የሚል ጥናት አንድ ቀን ብታነቡ አትጠራጠሩ። አንደኛውን እኔ አውቃቸዋለሁ፤ ስድስተኛ ክፍል ያስተማሩኝ ናቸው።