በሦስተኛ ፎቅ ደፍ ላይ ስለሚያልፈው የተላጠ ገመድ

የሕንፃው ነዋሪዎች የእሳት አደጋ መከላከያ ኮሚቴ፣ አራተኛ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ማክሰኞ። ሰኞ ሊሆን ነበር፣ የአዳራሹ ቁልፍ ጠፍቶ ነው።
ሰዓት፦ ለዘጠኝ ተጠርቶ ወደ አሥር ገደማ ተጀመረ።
ቦታ፦ ምድር ቤት፣ የጋራ አዳራሽ። ስምንት ወንበር ይይዛል።

የተገኙ፦
1. ሰብሳቢው፣ ጡረታ የወጡ የንብረት ክፍል ኃላፊ። ማኅተሙን ከኪሳቸው ስለማይለዩ ነዋሪው «ጋሽ ማኅተም» ይላቸዋል። ሲሰሙት ደስ ይላቸዋል።
2. ጡረተኛዋ ነርስ
3. መምህሩ
4. ልብስ ሰፊዋ፣ ከሦስተኛ ፎቅ፣ አቤቱታ አቅራቢ
5. ጸሐፊው፣ ማለትም እኔ። ባለፈው ስብሰባ ስለቀረሁ በሌለሁበት በሙሉ ድምፅ ተመረጥኩ።

ያልተገኙ፦ አራት አባላት፣ ያለ ምክንያት። ሁለተኛ ፎቅ የሚኖረው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ «አባል ባልሆንም ልግባና ልርዳችሁ» ብሎ በር ላይ ቆሞ ነበር። ሥራውን ስለሚያውቀው ገለልተኛ ሊሆን አይችልም ተብሎ ተመልሷል።

ምልአተ ጉባኤ፦ ከአሥር አባላት ስድስት ያስፈልጋል፤ እኛ አምስት ነን። ሰብሳቢው፣ አልጋ ላይ ከዋሉ ሦስት ዓመት የሆናቸው የልብስ ሰፊዋ እናት የኮሚቴው አባል መሆናቸውን አስታወሱ። እናትየው ራሳቸው ይህን አያውቁም። ሆኖም ድምፅ ማጉያው በራቸው ፊት ለፊት ስለተሰቀለ ስብሰባውን ከአልጋቸው ሆነው ይሰማሉ፤ የሰማ ደግሞ እንደተገኘ ይቆጠራል ተባለ። ስድስት ሞላን።

አጀንዳ 1፦ ባለፈው ሐሙስ ስለተቃጠለው የእግር መጥረጊያ

ልብስ ሰፊዋ አስረዱ። የአዳራሹ ሶኬት ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ስለዚህ የኮሚቴው ማይክ፣ ድምፅ ማጉያና የሰብሳቢው የውሃ ማፍያ የሚሠሩት ከሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ተነሥቶ፣ በእርሳቸው ደፍ ላይ አልፎ፣ በደረጃው በሚወርድ አንድ ረጅም ገመድ ነው። በር እየተዘጋበትና እየተረገጠ ላስቲኩ ተልጦ መዳቡ ይታያል። ስብሰባ ቢያልቅም የሚነቅለው የለም። ሐሙስ ዕለት፣ ሦስተኛው አስቸኳይ ስብሰባ እየተካሄደ ሳለ፣ ብልጭ ብሎ የእግር መጥረጊያቸውን አቃጠለው።

«በሬ አንድ ነው። እናቴ ደግሞ አትነሣም። እሳት ቢነሣ በየት በኩል ላውጣት?» ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄዬ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ አሉ፤ ይዤዋለሁ።

መምህሩ «ተቃጠለ» መባሉ ነዋሪውን እንደሚያሸብር ገልጸው በሌላ አነጋገር እንዲተካ አሳሰቡ። ልብስ ሰፊዋ መጥረጊያውን ከቦርሳቸው አውጥተው ዘረጉት። ሰብሳቢው በቀዳዳው አሻግረው አዩአቸውና «ይታያል» አሉ። ከረዥም ውይይት በኋላ ድርጊቱ «መጠነኛ ሙቀት» ተብሎ እንዲመዘገብ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ስለሚወሰደው እርምጃ

ልብስ ሰፊዋ ገመዱ አሁኑኑ ይነቀል፣ ይጣል ሲሉ ጠየቁ። ሰብሳቢው ሁለት መልስ ሰጡ። አንደኛ፣ ገመዱ የንብረት ቁጥር ስላለው ያለ አስወጋጅ ኮሚቴ አይጣልም፤ አስወጋጅ ኮሚቴው ደግሞ ከፈረሰ ቆይቷል። ሁለተኛ፣ አሁን ከተነቀለ ማይኩ ስለሚጠፋ አቤቱታቸውን የሚሰማቸው አያገኙም። ልብስ ሰፊዋ በመካከላቸው ያለው ሁለት ክንድ መሆኑን፣ ያለ ማይክም መናገር እንደሚችሉ ገለጹ። በተግባርም አሳዩ፤ መስኮቱ ተርገበገበ።

ነርሷ ገመዱ ቁስለኛ መሆኑን አረጋግጠው በቁስል ፕላስተር እንዲታሸግና በየሦስት ቀኑ እንዲቀየርለት ሐሳብ አቀረቡ። ሰብሳቢው የማይታይ ገመድ ማንንም ስለማያስደነግጥ ምንጣፍ ይልበስ አሉ። መምህሩ «የተላጠ ገመድ መጠቀም በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ማስታወቂያ ይለጠፍ አሉ። ግድግዳው በሌሎች ማስታወቂያዎች በመሙላቱ ገመዱ ላይ ይታሰር ተባለ።

እኔ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው እዚሁ ደረጃ ላይ ተቀምጧልና ለምን አንጠይቀውም አልኩ። ጸሐፊ ይጽፋል እንጂ አይናገርም ተባልኩ። ጻፍኩ።

ከረዥም ውይይት በኋላ ፕላስተሩ፣ ምንጣፉና ማስታወቂያው እንዲፈጸሙ፣ እንዲሁም ገመዱ ላይ አንዳች ጉዳት እንዳይደርስ ጸሐፊው በኃላፊነት እንዲጠብቅ በአራት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተዓቅቦ ተወሰነ። አራተኛዋ ደጋፊ እናትየው ናቸው፤ ከአልጋቸው ተቃውሞ ስላላሰሙ ነው። ድምፀ ተዓቅቦው የእኔ ነው። አሁን ስጽፈው አፍራለሁ።

ልብስ ሰፊዋ «እናቴን ለቁጥር ጊዜ ታውቋታላችሁ፤ ለእሳቱ ጊዜ ግን ማን ናት ትላላችሁ!» ብለው ወንበሩን ገፍተው ወጡ። ንግግሩ ከአጀንዳ ውጭ ነው፣ እርሳቸው ግን መገኘታቸውን ስለፈረሙ ቢወጡም እንደተገኙ ይቆጠራሉ ተባለ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ሰብሳቢው የውሃ ማፍያውን ሰክተው፣ ስብሰባው ስላሳየው ጨዋነት ምስጋና በማቅረብ ላይ ሳሉ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። መምህሩ ከውጭ ነው አሉ፤ ነርሷ ከውስጥ ነው አሉ። ሽታው በአጀንዳ ስላልተያዘ ታለፈ።

ወዲያው ማይኩ ጠፋ። ከሦስተኛ ፎቅ የልብስ ሰፊዋ ድምፅ «ነቅዬዋለሁ! ደፌ ሲጨስ ነው የደረስኩት! ሰው አይደላችሁም እናንተ?» ሲል በደረጃው ወርዶ ሁላችንም ዘንድ ደረሰ። ሰብሳቢው መልሼ እንድሰካው ላኩኝ።

ወጣሁ። ደፉ መዳፍ የሚያህል ጠቁሯል፤ ምንጣፍ ሊለብስ የተወሰነለት ቦታ እሱው ነው። ልብስ ሰፊዋ ውሃ የነካ ጨርቅ ይዘዋል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሳይጠራ መጥቶ ሶኬቱን በጀርባው ጋርዶ ቆሟል። እኔም አልሰካሁም።

ባዶ እጄን ስመለስ መምህሩ አንድ ነገር አነሡ። ማጉያው ከጠፋ እናትየው አይሰሙም፤ ካልሰሙ አልተገኙም፤ ካልተገኙ ምልአተ ጉባኤው ፈርሷል። ሰብሳቢው ደነገጡ። ሴትዮዋ ራሳቸውን እንደተገኙ ይቆጥሩ እንደሆነ ጠይቄ እንድመጣ እንደገና ላኩኝ።

እናትየው ከትራሳቸው ቀና ሳይሉ እንዲህ አሉኝ፦ «የኔ ልጅ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ጆሮዬ ላይ ሲጮህብኝ ኖሮ ዛሬ ገና ጸጥ አለልኝ። የለችም በላቸው።»

ወርጄ የሉም አልኩ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ምልአተ ጉባኤ ስለጎደለ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ ከመጀመሪያው እንዳልነበረ እንዲቆጠር፣ በቀረነው አራት ሰዎች፣ ያለ ምልአተ ጉባኤ፣ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። እኔ ሁለት እጄን አውጥቻለሁ። ሰብሳቢው ገመዱ ግን ተመልሶ ይሰካ አሉ፤ ለዚያም ውሳኔ ስድስት ሰው እንደሚያስፈልግ ተነግሯቸው ማኅተማቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

ስብሰባው በ11፡10 ያለ ማይክ ተበተነ።

አባሪ፦ ገመድ፣ ሰባት ቁራጭ። ጉዳት እንዳይደርስበት እንድጠብቀው ያዘዘኝ ውሳኔ ከሌሎቹ ጋር ስለተሻረ ቆራርጬዋለሁ። መቀሱን ያዋሱኝ ልብስ ሰፊዋ ናቸው። የንብረት ቁጥሩ ያለበት ቁራጭ ለሰብሳቢው በፊርማ ተመልሷል።