ጋሼ ቆይ እና ጣቴ

ኮምፒውተር ባለበት መሥሪያ ቤት ሁሉ፣ ሰው ኢንተር ሊጫን ሲል ከኋላው ብቅ የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። የኛው ክቡር ጋሼ ቆይ ናቸው። ትክክለኛ ስም አላቸው፤ የሚጠራቸው ግን የለም።

ፓይተን ለሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ፓኬጅ መጫን፣ ማለትም ሌላ ሰው ጽፎ ያስቀመጠውን ኮድ ከኢንተርኔት ማምጣት፣ ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ላይ አንዲት መስመር ጽፎ ኢንተር መምታት ብቻ ነው። ሌላው ሰው ሻዩ ሳይበርድ ይጨርሳል። ጋሼ ቆይ ከኋላ ካሉ ግን ሻዩን ይርሳው።

"ጣትሽን አንሺ" ይሉኛል። አነሳለሁ። ማን ጻፈው? ሌላ ምን አስከትሎ ይመጣል? በመጨረሻም የታወቀው ጥያቄያቸው፦ "አሁን የት ነሽ?"

ወንበሬ ላይ ነኝ ብዬ አንዴ ቀልጄ አልሳቁልኝም። በሳቸው ሕግ እያንዳንዱ ሥራ ኮምፒውተሩ ውስጥ የራሱ የተከለለ ክፍል አለው፤ ፓኬጅ እዚያ ይገባል እንጂ ሜዳ ላይ አይበተንም፤ ከተበተነ የሌላውን ፕሮግራም ያበላሻል። ክፍሉ ውስጥ ከሆንን ስሙ ከመስመሩ ፊት ይታያል። ስክሪኑ ስህተት በስህተት ሲሆን እኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ እሳቸው መነጽራቸውን ጠርገው፣ የተጣላ ጎረቤት አቤቱታ እንደሚሰማ ሰው ራሳቸውን እየነቀነቁ እስከ መጨረሻው ያነባሉ።

ባለፈው ወር የአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ፕሮግራም አልከፈት አለ። ጋሼ ቆይ የታመመች እህታቸውን እያስታመሙ ስለነበር ብቻዬን ተላክሁ። ካሳካሁት ከእንግዲህ ብቻዬን እንደምሠራ አለቃችን ነገሩኝ። ችግሩ፣ የመድኃኒት ቤቱም ፕሮግራም የሚሠራው በዚያው ኮምፒውተር ነው። እሱን ካበላሸሁ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተራ እየጠበቁ የሚያስሉት ሕመምተኞች ሁሉ ያለ መድኃኒት ይመለሳሉ።

ለካርድ ክፍሉ ፕሮግራም የጎደለውን ፓኬጅ የሚያመጣውን መስመር ጻፍሁና ለጋሼ ቆይ ደወልሁላቸው። ማን እንደጻፈው፣ ምን አስከትሎ እንደሚመጣ አንድ በአንድ ነገርኳቸው።

"ይህን ሁሉ ካወቅሽ ለምን ደወልሽ? ተጫኚው።"

ይህን ቃል ለመስማት ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ። ጣቴ ግን እምቢ አለኝ።

"ለማንኛውም እንደ ወትሮው ይበሉኝ" አልኳቸው።

ቀስ ብለው ሳቁ። "እሺ። ጣትሽን አንሺ።"

አነሳሁ። ዓይኔም በልማዱ ወደ መስመሩ ፊት ሄደ። የክፍሉ ስም የለም። ክፍሉ ውስጥ የገባሁት በሌላ መስኮት ኖሯል፤ እዚህ ሜዳ ላይ ቆሜ ነበር።

ወደ ትክክለኛው መስኮት ተመልሼ መስመሩን እዚያ ጻፍሁና ተጫንኩት። የካርድ ክፍሉ ፕሮግራም ተከፈተ፤ ባለ መድኃኒት ቤቱም ምንም ሳያውቅ ሥራውን ቀጠለ።

"እንዴት ሆነ?" አሉኝ።

"ተሳካ" አልኳቸው፤ የት ቆሜ እንደነበር ግን አልነገርኳቸውም። ቢያውቁ ጡረታ እስክወጣ ከኋላዬ አይጠፉም። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ባይጠፉ ደስ ይለኛል።