ጃኒን ሆልሮይድ አርባ መጨረሻዎችን ያስመለሰችበት ዜና

የክላውብሪጅ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ሹም ሚስተር ክሌግ በተሾሙ በሰባተኛው ዓመት፣ የምድር ቤቱ ማሞቂያ ባረፈ በሁለተኛው ዓመት፣ ጣሪያው ማፍሰስ በጀመረ በአሥራ አንደኛው ወር፣ በወርኃ ኅዳር፣ ዝናቡ ሦስት ሳምንት ሙሉ ወርዶ ሰው ሁሉ ስለ ዝናብ ማውራት በሰለቸበት በዕለተ ሰኑይ፣ ክብርት ወመዋዒት ጃኒን ሆልሮይድ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ ትምህርት ቤትን በገዛ ፈቃዷ የተወች (ትምህርት ቤቱም ተመለሽ ብሎ ያልለመናት)፣ የካርቶን ተሸካሚ፣ የአቧራ ጠራጊ፣ የዛገ አግራፍ ነቃይ፣ በሠራተኞች ሻይ ክፍል ወንበር ላይ ወጥታ እንዲህ ስትል አዋጅ ነገረች፦

«ሻይ የያዛችሁ አስቀምጡ፣ ብስኩት የጎረሳችሁም ዋጡና ስሙኝ! እስከ ዓርብ ቀትር ድረስ፣ መጨረሻቸው የጠፋውን አርባውን ተውኔቶች እኔ ጃኒን፣ ያለ ማንም እርዳታ፣ በገዛ ጭንቅላቴ ሙሉ አደርጋቸዋለሁ። በዚህ ቤት ይህን የሚችል ከእኔ ሌላ ሰው አልተወለደም፤ ቢወለድም ገና አልተቀጠረም!»

«የወንበሩ እግር ላላ ብሏል» አላት ስታን፣ የሕንፃው ጠባቂ፣ ቀና ሳይል።

እርሷም ወዲያው ወረደች፤ አወራረዷ ግን በወንበሩ ፈቃድ እንጂ በራሷ አልነበረም።

ወምክንያቱሰ ለዝንቱ አዋጅ ይህ ነው። የከተማው የፓቪሊዮን ቴአትር ቤት ከተሸጠና የምንጣፍ መደብር ከሆነ በኋላ፣ ቡድኑ ይጫወታቸው የነበሩት ተውኔቶች፣ ሃያ ስድስቱ የእንግሊዝ፣ አሥራ አራቱ በመርከብ የመጡ የአሜሪካ፣ በስድስት ካርቶን ታጭቀው ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ወርደው ኖሩ። በዚያች ሰኞ ማለዳ ግን ሚስተር ክሌግ እንዲህ የሚል ወረቀት በሠራተኞች ሻይ ክፍል ለጠፉ፦ «መደርደሪያ ጠብቧል። መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ያለው ጽሑፍ ይቀመጣል። ከሦስቱ አንዱ የጎደለው ዓርብ ቀትር ላይ በቆሻሻ መኪና ይሄዳል። ክርክር የለም።» ካርቶኖቹም በተመረመሩ ጊዜ፣ ከአርባው ተውኔት አርባውም የመጨረሻ ገጽ አልነበራቸውም። ወኮነ ዐቢይ ድንጋጤ።

በእነዚያ ወረቀቶች ዳርቻ ሁሉ የሚስዝ ኢዲት ኦርመሮድ እጅ ጽሑፍ ነበረ። እርሳቸው ሠላሳ አንድ ዓመት ከመጋረጃ ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ቃል ለጠፋው ተዋናይ ቃል ሲያቀብሉ የኖሩ ሴት ናቸው። ማን የት እንዳሳለ፣ ሽጉጡ እምቢ ባለበት ማታ ሟቹ ጥይት ሳይተኮስ እንዴት እንደ ሞተ፣ የትኛው ባላባት ሱሪው እንደ ወለቀ፣ ሁሉን በዳር በዳሩ ጽፈዋል። ዛሬ ሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ ባል የለ፣ ልጅ የለ፣ ቴአትር ቤት የለ። በየቀኑ በአራት ሰዓት ወደ ንባብ ክፍሉ ይመጣሉ፤ አንዱን ተውኔት አስወጥተው እስከ ቀትር ያገላብጣሉ፤ ከዚያ ኮታቸውን ለብሰው ይሄዳሉ። መኪናው ካርቶኖቹን ከወሰደ፣ ያ ሠላሳ አንድ ዓመት ነበረ የሚል ምንም ነገር በምድር ላይ አይቀርም።

ጃኒንም ትወዳቸው ነበር፤ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ሰዓት ሳያዩ ወሬዋን የሚሰሙ እርሳቸው ብቻ ነበሩና። ስለዚህ ድሉ እስኪገኝ ስለ መኪናውና ስለ አዋጁ ትንፍሽ እንዳትል በልቧ ማለች። ስለ ሌላው ሁሉ ግን ተነፈሰች።

ወእምዝ በዕለተ ሠሉስ፣ ጠላት አይጥ መሆኑን በጥልቅ ጥበቧ ከወሰነች በኋላ፣ ሠራዊቷን አሰለፈች፤ የሠራዊቷም ዝርዝር እነሆ፦ ስድስት ወጥመድ፣ ግማሽ ፓውንድ የላንካሻየር ፎርማጆ፣ አንድ መጥረጊያ፣ አንድ የእጅ ባትሪ፣ አንድ ጥንድ ጓንት፣ እና ስታን፣ እርሱም «እኔ ወገቤን ያመኛል» እያለ ከኋላ የሚከተል። ወጥመዶቹንም በካርቶኖቹ ዙሪያ አስቀምጣ ጠበቀች። አንደኛው ወጥመድ የስታንን የጫማ ክር ማረከ። ሁለተኛው የጃኒንን ጓንት ማረከ፣ አውራ ጣቷ ገና ውስጡ ሳለ። ሦስተኛው፣ ሚስተር ክሌግ ምን እንደሆነ ለማየት ባጎነበሱ ጊዜ፣ ክራባታቸውን ያዘ፤ እርሳቸውም እስኪፈቱ ድረስ አጎንብሰው በክብር ቆዩ። የቀሩት ሦስቱ ወጥመዶች ግን ሳይዘጉ ፎርማጆአቸው ጠፋ።

«አየህ?» አለች ጃኒን። «ተንኮለኞች ናቸው! ወጥመዱን ሳይነኩ በሉት!»

«ጥሩ ፎርማጆ ነበር» አለ ስታን አፉን እየጠረገ። «ትንሽ ጨው አንሶት ነበር እንጂ።»

ረቡዕም እንዲሁ ሆነ፤ የአይጥ ጭራ እንኳ አልታየም። ጃኒን ግን ሁለቱንም ቀናት በአራት ሰዓት ወደ ንባብ ክፍሉ እየወጣች፣ የጦርነቱን ወሬ፣ የወጥመዱን ስልት፣ የጣቷን ቁስል፣ የአይጥን ጠባይ በጠቅላላው ለሚስዝ ኦርመሮድ ተረከች። እርሳቸውም «እሺ» አሉ፤ ሁለት ጊዜም «እኔ እንኳ...» ብለው ጀመሩ፤ አልጨረሱትም።

በዕለተ ኀሙስ ግን የጀግናዪቱ ጉልበት ዛለ። ከጠረጴዛው አጠገብ መጥታ ወንበር ላይ ተዘረጋች።

«ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የተዘረርሽው?» አሏት ሚስዝ ኦርመሮድ።

«አይጦቹ ናቸዋ! እነዚህስ አይጦች አይደሉም፣ ሰይጣን ናቸው! ከእያንዳንዱ ተውኔት የመጨረሻዋን ገጽ ብቻ! ሌላውን ንክች አያደርጉም!»

ሚስዝ ኦርመሮድ መነጽራቸውን አወለቁ።

«የቱን ገጽ?»

«የመጨረሻውን።»

«ከሁሉም?»

«ከአርባውም!»

«እና ገጽ ቆጥሮ የሚበላ አይጥ ነው ስታሳድጂ የሰነበትሽው?» አሉ። «የቆረጥነው እኛ ነን፣ አንቺ ጅል።»

እነሆ ሥርዓቱ። በቴአትር ሰዎች ሕግ፣ የአንድ ተውኔት የመጨረሻ ቃል በመክፈቻው ማታ በተመልካች ፊት ካልሆነ በቀር አይነገርም፤ በልምምድ ጊዜ ከተነገረ ተውኔቱ ይሞታል ይላሉ። የፓቪሊዮኑ አዘጋጅም የተዋናይ ምላስ የማያምን ሰው ነበርና፣ የመጨረሻዋን ገጽ ቆርጦ፣ በፖስታ አሽጎ ለሚስዝ ኦርመሮድ ይሰጣል፤ እርሳቸውም በመክፈቻው ቀን ከፍተው ቃሉን ለሚናገረው ተዋናይ ያቀብላሉ። ከዚያ ገጿ ወደ ፖስታዋ፣ ፖስታዋም ወደ እርሳቸው ትመለሳለች።

«ታዲያ አሁን የት ናቸው?»

«ቤቴ። አልጋዬ ሥር። በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ።»

«ከሰኞ ጀምሮ! ለምን አልነገሩኝም?»

«ከሰኞ ጀምሮ መቼ አፍሽን ዘጋሽና?»

ይህ ቃል ከዚህ ዜና እንዲወጣ ብዙ ተለምኗል፤ አልወጣም።

በይእቲ ሰዓት ጃኒን ስለ ዓርቡ መኪና የደበቀችውን ሁሉ ነገረቻቸው። ሚስዝ ኦርመሮድ የገለጡትን ተውኔት ቀስ ብለው ዘጉ፣ እጃቸውን ጥቂት ጊዜ በላዩ አሳረፉና ኮታቸውን ፈለጉ። ሁለቱም በአውቶቡስ ሄደው ቆርቆሮውን አመጡ።

ዓርብ በማለዳ ቆርቆሮው ተከፈተ፤ አርባ ፖስታ። ስም የተጻፈበት አንድም የለ፤ አዘጋጁ ምስጢር ይጠበቅ ብሎ ነበርና። የትኛው ገጽ የየትኛው ተውኔት እንደሆነ በቃሉ ለይቶ ማወቅም አልተቻለም።

«ሠላሳዎቹ ‹የኔ ውድ› ተባብለው ተሳስመው ነው የሚያልቁት» አሉ ሚስዝ ኦርመሮድ። «ያኔም ይምታቱብኝ ነበር።»

ወሶበ ርእየት ይህን፣ ጃኒን በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብላ ተመለከተች። ከተውኔቶቹ ሦስት ቀዳዳ ያላቸውን አጫጭሮቹን አየች፤ እነዚህ በናስ ችንካር የተያዙ የአሜሪካ ናቸው፣ አሥራ አራት። ረጃጅሞቹን፣ በማዕዘናቸው አንዲት ቀዳዳ ያላቸውንና በአረንጓዴ ገመድ የታሰሩትን አየች፤ እነዚህ የእንግሊዝ ናቸው፣ ሃያ ስድስት። ከዚያ አንዱን ገጽ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ ያዘች፤ ገጿ ሳትቆረጥ በፊት ይዟት የነበረው አግራፍ የተወውን የዝገት ጠባሳም አየች፤ የዛገ አግራፍ ሦስት ወር ሙሉ ነቅላለችና ጠባሳውን ታውቀዋለች። አግራፍ ሲዝግ ከሥሩ ያለውንም ገጽ ያቆሽሻል። ስለዚህ የመጨረሻዪቱ ገጽ ጠባሳ ከእርሷ በፊት ባለችው ገጽ ላይ መንታ አለው። ዝገትን ከዝገት፣ የሻይ ኩባያ ክብን ከሻይ ኩባያ ክብ እያጋጠመች፣ ጣቷ በፋሻ እንደ ተጠቀለለ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ሳይሞላ ሠላሳ ዘጠኙን ከየባለቤታቸው ጋር አገናኘች። ስታን እንኳ መጥረጊያውን አቁሞ «አንቺ ልጅ፣ ለካ ዓይን አለሽ» አለ።

አርባኛው ፖስታ ግን እንደ ታሸገ ነበር።

«እሱን አትንኪ» አሉ ሚስዝ ኦርመሮድ። «አልተከፈተም። በመክፈቻው ቀን በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ቤቱ ተሸጧል የሚል ወረቀት በር ላይ ለጠፉ። እኔ ይህን ፖስታ ይዤ ከመጋረጃ ጀርባ ቆሜ ነበር። ያ ቃል በማንም አፍ ተነግሮ አያውቅም፤ ዛሬም አይነገርም።»

ሚስተር ክሌግም ሰዓታቸውን በእጃቸው ይዘው ወረዱ፤ ከደጅ የመኪናው ሞተር ያጓራ ነበር።

«ሠላሳ ዘጠኙ ያልፋሉ» አሉ። «አርባኛውን ካላየሁ፣ ባዶ ወረቀት እንዳልሆነ በምን አውቃለሁ? ደንብ ደንብ ነው። ይከፈት ወይም ይሂድ።»

«ይሂድ!» አሉ ሚስዝ ኦርመሮድ፤ ድምፃቸው ግን ተሰበረ።

«ቆይ፣ ቆይ!» አለች ጃኒን። «የተከለከለው መናገር ነው አይደል? ማየትስ?»

አሮጊቷ አሰቡ። «ማየት... ማየት አልተከለከለም። እኔም አይቼ ነው የማቀብለው።»

ይህ መልካም ሆኖ ሳለ አንድ ታላቅ አደጋ ነበረበት። ሚስተር ክሌግ ሲያነቡ ከንፈራቸው የሚንቀሳቀስ፣ ድምፃቸውም የሚሰማ ሰው መሆናቸውን ከተማው በሙሉ ያውቃል፤ ጋዜጣ ሲያነቡ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ጋዜጣ መግዛት አያስፈልገውም። ፖስታውን በቢላ ሰነጠቁ። ገጿን አወጡ። መነጽራቸውን አስተካከሉ። ከንፈራቸው ተከፈተ።

በዚያች ቅጽበት ክብርት ጃኒን፣ በበሩ ላይ በራሳቸው በሚስተር ክሌግ እጅ «ወደ መዛግብት ክፍል ምግብ ያስገባ ከሥራ ይባረራል» ተብሎ የተጻፈውን እያወቀች፣ ከሽርጧ ኪስ የገበያውን ጥቁር ካራሜላ፣ ጥርስን ከጥርስ የሚያጣብቀውን፣ አውጥታ ትልቁን ቁራሽ በሹሙ አፍ ውስጥ ከተተች።

«ም!» አሉ ሚስተር ክሌግ።

ከዚያ በኋላ ምንም ማለት አልቻሉም። ዓይናቸው በገጿ ላይ ወረደ፤ መንጋጋቸው ታገለ፤ ካራሜላው ግን ያዘ። አንብበው ጨረሱ። ከዚያ ገጿን ወደ ፖስታዋ መልሰው፣ ፖስታዋን ለሚስዝ ኦርመሮድ በሁለት እጃቸው ሰጥተው፣ የቤተ መጻሕፍቱን ማኅተም አንሥተው በካርቶኖቹ ላይ ስድስት ጊዜ አተሙ። ወደ ደጅ ወጥተውም መኪናውን በእጃቸው ምልክት አሰናበቱ። ጃኒንን ሊያባርሯት እንደ ፈለጉ በግልጽ ይታይ ነበር፤ ነገር ግን የመባረር ቃል በአፍ መነገር ስላለበት፣ ካራሜላውም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስላልለቀቀ፣ ነገሩ በዚያው ቀረ። የአርባኛው ተውኔት የመጨረሻ ቃል እስከ ዛሬ አልተነገረም።

እንግዲህ ማን እንደ ጃኒን! የዝገት አንባቢ፣ የሹም አፍ ዘጊ፣ የእንግሊዝና የአሜሪካ ድርሰት አስታራቂ፣ በወጥመድ የቆሰለች፣ በካራሜላ ድል የነሣች! ስሟ ማሞቂያው እስኪሠራ፣ ይኸውም ለዘለዓለም፣ ሲመሰገን ይኑር! እርሷም በካርቶኖቹ መካከል ቆማ፣ የታሰረ ጣቷን ወደ ላይ ቀስራ የመጨረሻውን አዋጅ ነገረች፦

«ከዛሬ ጀምሮ ይህ ክፍል የጃኒን ሆልሮይድ ክፍል ይባል! አርባ ታላላቅ ድርሰቶችን ከሞት አድኛለሁና!»

ሚስዝ ኦርመሮድ ፖስታውን በካርቶኑ ውስጥ፣ በቦታው፣ አስቀመጡ። ከዚያ ከላይ ያለውን ተውኔት አንሥተው እጇ ላይ ጣሉላት።

«ሠላሳ ዘጠኝ ተውኔት እንዴት እንደሚያልቅ ታውቂያለሽ» አሉ። «አንዱም እንዴት እንደሚጀምር አታውቂም። በይ ቁጭ ብለሽ አንብቢ። ሠላሳ ስምንቱ እንደሆነ የማይረቡ ናቸው።»