አህያው እንግሊዝኛ ሲፈትነኝ

ትናንት ሕልም አየሁ። የት ተኝቼ እንዳየሁት ለጊዜው አትጠይቁኝ፤ እሱን ለመናገር ትንሽ ወኔ ያስፈልገኛል።

ቢያድግልኝ እባላለሁ። ጎሽ ሜዳ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሃያ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬአለሁ። አስተማርኩ እንጂ ተናገርኩት አላልኩም። ጥበቤ አንድ ብቻ ናት። ግሱን እጠራለሁ፤ ልጆቹ ከኋላው የሚከተለውን ፕሪፖዚሽን በአንድ ድምፅ ይመልሳሉ። «ዲፔንድ!» ስል «ኦን!»፣ «ሊስን!» ስል «ቱ!»፤ እኔ ጠረጴዛውን በዱላ እየመታሁ፣ እነሱ በዜማ። መሀል ላይ ያቋረጠኝን ልጅ «አህያ!» እለዋለሁ። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ዜማው ከሌለ እኔም አላውቃቸውም። አንዱን ግስ ለብቻው ብትጠይቁኝ፣ ድምፄን አውጥቼ ከመጀመሪያው ካልወረድኩት አይመጣልኝም። ይህን ገመናዬን ከባለቤቴ ከየውብዳር በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ዘንድሮ ታዲያ የመምህራን የብቃት ፈተና መጣ። የወደቀ ከክፍል ወጥቶ የንብረት ክፍል ቁልፍ ያዥ ይሆናል ተባለ። ፈተናው ደግሞ በዝምታ ነው። በዝምታ! «ቁልፎቹንስ በዜማ ነው የምትቆጥራቸው?» እያለች የውብዳር ሳቀችብኝ። እኔ ግን አንድ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ባይኔ ሳይዞር ከረምኩ። ሕልሙን ያየሁት እንግዲህ በዚህ ሁኔታዬ ነው።

በሕልሜ ትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ ቁምጣ ለብሼ ተሰልፌአለሁ። ሰልፈኞቹ ሁላችንም መምህራን ነን። የሰባተኛ «ለ» ልጆች ከረባት አስረው ጥፍራችንን ያያሉ። ርዕሰ መምህራችን አርፍዶ መጥቶ በሩ ላይ ተንበርክኳል።

«ወላጅ ይዘህ ና!» አለችው አንዲት ቀጭን ልጅ።

«ወላጆቼ ሞተዋል፣ እመቤቴ።»

«እንግዲያው ራሳቸው መጥተው ያስረዱ!»

ደወሉ ዘበኛውን መታው። ዘበኛው ጮኸ፤ እኛም ወደ ክፍል ገባን።

ፈታኛችን አህያ ነበር። ካፖርት ደርቦ፣ ጆሮው ላይ ቀይ እስክሪብቶ ሰክቷል። ስም ሲጠራ እኔ ጋ ሲደርስ ቀና አለ።

«ቢያድግልኝ ማለት አንተ ነህ?»

«አቤት፣ ጌታዬ።»

«ልጅ በተናደድክበት ቁጥር ስሜን የምታነሳው?»

ምን ይዋጠኝ! «አፍ አመል ሆኖብኝ እንጂ፣ በክፋት አይደለም ጌታዬ» አልኩት።

«እኔ በዘመኔ ጭነት አሳስቼ አላውቅም» አለ። «የወፍጮውን ወፍጮ ቤት፣ የገበያውን ገበያ አደርሳለሁ። አንተን ግን አርባ ሙሽሪት ለአርባ ባል አድርስ ቢሉህ ታደናግራለህ አሉ። ተነስ! እናያለን።»

ብድግ ስል ክፍሉ ዳስ ሆነ። ግሶቹ ሙሽሮች ሆነው በተርታ ተቀምጠዋል። ፕሪፖዚሽኖቹ ሙሽሪቶች ናቸው፤ አጫጭር፣ ሁሉም ፊታቸውን የተሸፈኑ። እያንዳንዷን እጇን ይዤ ለባሏ እንዳስረክብ ታዘዝኩ። አህያው አንድ እቅፍ ቁልፍ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ «ከተሳሳትክ ያንተ ናቸው» አለኝ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ብዬ ያገኘኋትን ጎትቼ ሊስን አጠገብ ቁጭ አደረግኳት። ሽፋኗን ስትገልጥ ለካ ፍሮም ነች። ሊስን ሁለት ጆሮውን ይዞ ለቅሶውን አቀለጠው።

«ሃያ ሁለት ዓመት አምነንህ!» ብለው እናቱ ደረታቸውን መቱ።

እንግዲህ ምን ላድርግ? ያለኝ ያው ዜማዬ ነው። ዱላዬን አነሳሁና «ዲፔንድ!» ብዬ ጮህኩ፤ «ኦን!» አልኩ ራሴው። ኦን የተባለችው ተነስታ ሄዳ ባሏ ጎን ተቀመጠች። «ሊስን!» «ቱ!» «ዌይት!» «ፎር!» «ኢንሲስት!» «ኦን!» ሰርገኛው አጨበጨበ። ደስ አለኝ፤ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እየጨፈርኩ ሳወርደው፣ ሳወርደው፣ ዲስከስ ላይ ስደርስ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ከጥግ ብድግ አሉ። ያቺን አባውት የምትባለውን ይዤ ወደሳቸው ልሄድ ስል መቋሚያቸውን አነሱብኝ።

«ተው ልጄ! እኔ ዲስከስ ብቻዬን የምኖር ነኝ፤ ከኋላዬ ማንም አይከተለኝም። አንተ ግን ይህችን ሴት ሃያ ሁለት ዓመት በየልጁ ደብተር ታስገባብኛለህ። አንድ ቀን እንኳ አላፈርክም?»

አፈርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቃል ሳይወጣኝ ቆምኩ። አህያው «ቀጥል!» ብሎ ባይጮህብኝ እዚያው ቀርቼ ነበር። ቀጠልኩና እስከ መጨረሻው አወረድኩት። የመጨረሻው ግስ ላፍ ነው። «ላፍ!» ስል ዳሱ በሙሉ «አት!» ብሎ መለሰልኝና በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ አልቆም ሲለኝ ነቃሁ።

ሳቁ ግን አልቆመም።

አሁን የት እንደተኛሁ ልንገራችሁ፤ ፈተናው አዳራሽ ውስጥ ነው። ረፋድ ላይ፣ ስድሳ መምህር መሀል፣ ግንባሬን ወረቀቱ ላይ ደፍቼ። ስሜን ጽፌአለሁ። ከስሜ በታች ምራቄ አለ። ሌላ ምንም የለም። ዙሪያዬን ባይ ሰው ሁሉ አቀርቅሮ በጥድፊያ ይጽፋል፤ እየጻፈም ይስቃል።

ፈታኟ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ማስተዋል ናት፤ የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ያስተማርኳት ልጅ።

«ቲቸር፣ ሰዓት አልቋል። ወረቀትዎን ይስጡኝ» አለችኝ።

«ምነው ሳትቀሰቅሽኝ፣ ልጄ?»

«ልቀሰቅስዎት ስመጣ ዜማውን ጀምረው ነበር። መሀል ላይ የሚያቋርጠኝ አህያ ነው ይሉን አልነበር?»

«ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ጮክ ብለው አወረዱት» አለችኝ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ሲባል እንዴት አልሰማሁም! ስድሳው ሰው ከእኔ አፍ ቀድቶ አለፈ፤ ቁልፍ ያዡ እኔ ብቻ ነኝ። ወረቀቴን በሁለት ጣቷ ይዛ ሄደች። እንባዬ መጣ፤ ሳቄም አብሮ መጣ።

ያኔ ከጎኔ የተቀመጠችው መምህርት ጥሩሰው ጎንበስ አለችና በሹክሹክታ እንዲህ አለችኝ፦

«እግዜር ይስጥልን መምህር፤ እርስዎ ባይኖሩ ምን እንሆን ነበር! ብቻ ዲስከስ ላይ ሲደርሱ ዝም አሉብን። እኔ አባውት ብዬ ጽፌአለሁ። ልክ ነኝ?»

«ልክ ነሽ» አልኳት።