ዝም ያለ መሪ

መኪና ውስጥ ሬዲዮ ሲከፈት አልወድም። የልጄ ባል ዘፈን የጠላሁ ይመስለዋል። ዘፈን ጠልቼ አይደለም፤ መሪው የሚለውን እንዳልሰማ ስለሚያደርገኝ ነው። እናንተስ መሪ ሲዞር ጆሯችሁን ጣል አድርጋችሁ ታውቃላችሁ? ሲጥ ሲጥ ካለ ግራሶው፣ ቅባቱ ደርቋል፤ እሱ ብዙም አያስፈራም። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ጸጥ ብሎ፣ ስትጠመዝዙት ብቻ ቋ ካለ ግን የላላ ነገር አለ። ያን ጊዜ ወርዶ ማየት ነው።

በንጉሡ ዘመን የአንድ ነጋዴ ፒካፕ እነዳ ነበር። ከጎባ ሮቤ፣ ከሮቤ ጊኒር። ፈሪ ሾፌር ነበርኩ። ጓደኞቼ «አንተ ከመንዳት ይልቅ ማቆም ይቀናሃል» ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው።

አንድ ጠዋት ጊኒር ላይ ሐጂ አልዪ የሚባሉ ሽማግሌ እየሮጡ መጡ። ምራታቸው ፋጡማ ምጥ ከያዛት ቆይቷል፤ አዋላጇም ከአቅሜ በላይ ነው ብላለች። ጎባ ሆስፒታል መድረስ አለባት። ከኋላ ፍራሽ አነጠፍን፤ እናቷ ደግፋት ተቀመጠች። ሐጂ ከእኔ ጎን ገቡ።

ከከተማው ሳንርቅ መሪውን ወደ ግራ ስጠመዝዘው ቋ አለ። አቆምኩ። ከሥር ገብቼ ባይ ጭቃ ብቻ ነው። ትንሽ እንደሄድን ደግሞ ቋ። አሁንም አቆምኩ። ሐጂ መሪውን ግራና ቀኝ እንዲያዞሩልኝ ለምኜ፣ ከሥር ሆኜ ዘንጎቹን አንድ በአንድ በእጄ ያዝኩ። የላላ ነገር ካለ እጅ ላይ ይነዝራል። ጭቃው ግን ወፍራም ነበር፤ የቱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

«ማል ጄዳ? ምን ይላል?» አሉኝ ሐጂ ከላይ።

«ላልቻለሁ ነው የሚለው።»

«ፋጡማስ ምን ትላለች? እዚያ ታች ሆነህ ድምፅዋ አይሰማህም እንዴ?»

ይሰማኛል እንጂ። «ሐጂ፣ መሪው ቁልቁለት ላይ ቢለቀን አራታችንም እናልቃለን» አልኳቸው።

«አምስት ነን» አሉ።

ከሥር ወጥቼ ነዳሁ። ቋ ባለ ቁጥር እግሬ ወደ ፍሬኑ ይሄዳል፤ ሐጂ ደግሞ ጉልበቴን ያዝ ያደርጉኛል። «አንተ በማርያም በል፣ እኔ ቢስሚላህ እላለሁ፤ ብቻ ሂድ» ይሉኛል። የሲናናን የስንዴ ማሳ አለፍን፤ ሮቤን አለፍን። ሆስፒታሉ በር ላይ አቆምኩ፤ ፋጡማን ከነፍራሹ ተሸክመን አስገባናት።

ወንድ ልጅ ተወለደ። ፋጡማም ተረፈች። ሐጂ ግቢው ውስጥ ላገኙት ሁሉ «ይህ ሾፌር መኪናው ሲያስነጥሰው እሱ ይታመማል» እያሉ አሳቁብኝ። አብሬ ሳቅኩ። ለራሴም ትምህርት ያዝኩ፤ ለብረት ድምፅ ሁሉ ጆሮ አይሰጥም፣ ሰው ይቀድማል ብዬ።

ትምህርቱ የቆየው እስከ ጋራዡ ድረስ ነው። እኔና ሐጂ ቆመን ሳለ መካኒኩ ጭቃውን አጥቦ ከሥር ገባ። ሲወጣ ፊቱ ተለዋውጦ ነበር። «በምን ተአምር መጣችሁ?» ብሎ አሳየን። መሪውን ከግራ ጎማው ጋር የሚያያይዘው ዘንግ ሊወልቅ ደርሶ ብሎኑ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ሐጂ ጎንበስ ብለው ብዙ አዩት። ቀና ብለው «ብንቆም እሷ ትሞት ነበር፤ ስንሄድ ደግሞ ሁላችንም ልንሞት ነበር። ታዲያ የትኛችን ነበርን ልክ?» አሉኝ። እኔ እንጃ። ይኸው አርጅቼም አላወቅኩትም።

ፋጡማ ድና ከሆስፒታል ስትወጣ የመለስኳቸው እኔ ነኝ። መሪው ተሠርቷል፤ እንደ ቅቤ ይዞራል። ሐጂ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ጎኔ ተቀምጠዋል። በየኩርባው አንገታቸውን ወደ መሪው ሰገግ ያደርጋሉ። ሮቤን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

«አቁም።»

«ምነው ሐጂ?»

«መሪው ምንም አይልም።»

«ተሠርቶ ነዋ።»

«ያን ቀን እኮ ይነግረን ነበር። አሁን ዝም ካለን በምን እናውቃለን? ውረድና እይልኝ።»

ወረድኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እሳቸው ባይሉኝም ከሥር ገብቼ ሳላይ የሚቀጥለውን ኩርባ አላልፍም ነበር።