የዌንደል ስታቭሩድን ጉልበት ጉዳይ ለማየት የተቀመጠው የአምስቱ ስብሰባ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 9፣ የዕረፍት ቀናችን፣ ከቀኑ 6፡30
ቦታ፦ ዊስኮንሲን፣ የሚስስ ቦኒ ክራውዘር ምግብ ቤት፣ የጓሮው ክፍል (የፊቱ ክፍል ወንበሮች እኛን አይችሉም)

የተገኙ፣ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድናችን የፊት መስመር አምስቱ ከላካዮች፣ ሜዳ ላይ በሚሰለፉበት ተራ፦ ግራ ዳር ላማርየስ ፔቲግሩ፤ ግራ ውስጥ ቪሊያሚ ታኡሞኤ፤ መሃል ዌንደል ስታቭሩድ (ሰብሳቢ)፤ ቀኝ ውስጥ ግሌን ኦስቶይች (ጸሐፊ፣ ይህን የምጽፈው)፤ ቀኝ ዳር ኮልቢ ያንዝ።

አምስት ሰው፣ ሰባት መቶ ኪሎ ገደማ በመሆናችን ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቶ መትረፉ ተረጋግጧል። ኳስ ወርዋሪው አልተጠራም። ሊደረመሱበት ከሚመጡት ተጋጣሚዎች መከለል ሥራችን ቢሆንም፣ በምሳ ሰዓት ራሱን ይጠብቅ ተብሏል።

አጀንዳ 1። ያለፈው ቃለ ጉባኤ። ስጎ ፈሶበት ስለማይነበብ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።

አጀንዳ 2። ሰብሳቢው በዓመቱ መጨረሻ ጨዋታ አቆማለሁ ብለው ያቀረቡት ደብዳቤ።

አቶ ስታቭሩድ አሥራ አራት ዓመት ጎንበስ ብለው በእግራቸው መሃል ኳስ ሲያቀብሉና ወዲያው ሲደቆሱ መኖራቸውን፣ በዚህ ሁሉ ዘመን ቴሌቪዥን ስማቸውን አሥራ አንድ ጊዜ መጥራቱን፣ ዘጠኙ ለጥፋት፣ ሁለቱ ከሌላ ሰው ጋር ተምታቶ መሆኑን፣ በዚህም ቅሬታ እንደሌላቸው አስረዱ። ምክንያታቸው ጉልበታቸው ነው። ባለፈው ሳምንት ከአራት ዓመት ልጃቸው ጋር ወለል ላይ ሲጫወቱ መነሳት አቅቷቸው፣ ልጅቷ ሁለት እጃቸውን ይዛ ስትጎትት ቆይታ ማልቀሷን ተናገሩ።

በዚህ መሃል ያዘዝነው የጎድን ጥብስ መጣ።

አቶ ፔቲግሩ ጉልበት የኮሚቴው አባል ስላልሆነ አስተያየቱ ሊመዘገብ አይገባም ሲሉ ተቃወሙ። አቶ ታኡሞኤ ልጅቷ አባቷን ማንሳት የምትችልበት ዕድሜ እስክትደርስ ጉዳዩ በይደር እንዲቆይ ጠየቁ። ሚስስ ቦኒ ሰሃን ሊያነሱ ገብተው «ተዉት ልጆቼ፣ ይሂድ» ማለታቸው ከሥነ ሥርዓት ውጪ ነው ተብሎ፣ ድንች እንዲጨምሩ ተወስኗል። አቶ ያንዝ ድምፅ ስጡ ሳይባል እጃቸውን በማውጣታቸው፣ ሜዳ ላይ ቀድሞ የተንቀሳቀሰ እንደሚቀጣው ሁሉ፣ ወንበራቸው ከምግቡ አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ተደርጓል።

አቶ ፔቲግሩ በድጋሚ ዕድል ተሰጥቷቸው፣ «አንተ ሽማግሌ፣ ኳሷን አንተ ካላነሳሃት እኔ ማንን አይቼ ነው የምንቀሳቀሰው?» አሉ። ዓይናቸውን ያበሱት በሰናፍጩ ምክንያት መሆኑ እንዲመዘገብላቸው ጠይቀዋል፤ ተመዝግቧል።

ከረጅም ውይይት በኋላ በአራት ድምፅ ለአንድ ተወሰነ፦
ሀ) ደብዳቤው ውድቅ ሆኗል።
ለ) አቶ ስታቭሩድ ሁለት ዓመት ይጨምራሉ።
ሐ) ለጉልበታቸው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠው።

ስብሰባው 8፡05 ተዘጋ።

ይሁን እንጂ የወጣ የለም። በደንባችን፣ ሜዳም ሆነ ገበታ ላይ፣ የመሃሉ ሰው ሳይንቀሳቀስ ማንም አይንቀሳቀስም። አቶ ስታቭሩድ ጠረጴዛውን ተደግፈው ለመነሳት ሞከሩ፣ ተመልሰው ተቀመጡ። ደግመው ሞከሩ። አቶ ታኡሞኤ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። ሰዓቱ 8፡20 ሆነ።

«ጉልበቴ ተያዘብኝ» አሉ ሰብሳቢው። «እናንተ ሂዱ፣ እደርስባችኋለሁ።»

ማንም አልሄደም።

ስለዚህ ስብሰባው ካልተነሳንበት ወንበር ላይ እንደገና ተከፈተ። አቶ ፔቲግሩ ሰሃናቸውን እያዩ፣ ከላይ በሀ፣ በለ እና በሐ የተወሰነው በሙሉ ተሽሮ ደብዳቤው እንዲጸድቅ ሐሳብ አቀረቡ። አቶ ያንዝ ድምፅ ስጡ ሳይባል እጃቸውን አወጡ። የቀጣቸው የለም። ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

አቶ ታኡሞኤ በግራ፣ ጸሐፊው በቀኝ ብብታቸው ሥር ገብተን አነሳናቸው። ከመሃሉ ሰው ቀድመን ስንንቀሳቀስ ይህ የመጀመሪያችን ነው። ስብሰባው 8፡40 ላይ፣ አምስታችንም ቆመን፣ ተበትኗል።