ክብርት ወይዘሮ ደረሰኝና ያባባ መልስ

አባት ወይም እናት መርሳት በጀመሩበት ቤት ሁሉ፣ ከልጆቹ መሀል አንዷ ማንም ሳይመርጣት ትሾማለች። ደመወዝ የለ፣ የሹመት ደብዳቤ የለ። የጡረታው ደብተር፣ የሳጥኑ ቁልፍና የወንድም የእህት ሐሜት ብቻ ይሰጣታል።

በአንድ ፀጉር አስተካካይ ቤተሰብ ውስጥ የተሾመችው ታላቅ እህቱ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከተሾመች ወዲህ ግን በስሟ የሚጠራት ጠፍቶ ክብርት ወይዘሮ ደረሰኝ ሆናለች። ያባታቸውን ጡረታ በውክልና ታወጣለች፣ ኪራይና መድኃኒት ትከፍላለች፣ የከፈለችበትን ወረቀት ሁሉ እንደ ቀሚስ ጠርዝ በክር ትሰፋዋለች።

አንድ ቀን ወንድምየው ላባባ ሙዝ ገዝቶ መጣ።

«ደረሰኙስ?»

«እትዬ፣ ከጋሪ ላይ እኮ ነው የገዛሁት!»

«ጋሪው ባለቤት የለውም? ይፈርማ!»

ሄዶ አስፈረመ። ሙዝ ሻጩ እስከ ዛሬ ሲያየው «ጌታው፣ ዛሬስ ማኅተም ልግዛ?» ይለዋል። ያባቱን ፀጉር በነፃ ሲቆርጥ እንኳን «የተከፈለ፦ ዜሮ» የሚል ወረቀት ላይ ታስፈርመዋለች።

ነገሩ ግን ወዳ አይደለም። አባባ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆርጠዋል። ዛሬ የልጆቻቸውን ስም ይረሳሉ፣ ቁርስ መብላታቸውንም ይረሳሉ። አንድ ነገር ግን አይረሱም፤ መልሱን ሳይቀበል የወረደ ተሳፋሪ አለ። ማን እንደሆነ ስለጠፋቸው ላገኙት ሁሉ ጡረታቸውን ከቦርሳቸው እያወጡ ይሰጣሉ። ጠዋት ወንበራቸውን በር ላይ ያወጡና «እመቤቴ፣ ይቆዩ እንጂ! መልስዎን ሳይቀበሉ ወረዱ!» ይላሉ።

ፖስተኛው ተቀበለ። ውሃ ቆጣሪ የሚያነበው ተቀበለ። የፊት ለፊቷ ጎረቤት መጀመሪያ አፍራ ነበር፣ ኋላ ግን በቀን ሁለቴ «መሳፈር» ጀመረች። አከራዩ ኪራይ ሊጠይቅ ቢመጣ ለሱም መልሱን ሰጡት፤ እሱም ከኪራዩ ሳይቀንስ ኪሱ ከተተው። ወሩ ሳያልቅ ለመድኃኒት የሚሆን ገንዘብ አለቀ።

ክብርትነታቸው ተቆጡ። ያባባን ኪስ አራግፋ ቦርሳቸውን ሳጥን ውስጥ ቆለፈችባቸው።

አባባም ወንበራቸውን ትተው አልጋ ላይ ወጡ። ምግብ ቢቀርብላቸው እምቢ። «የሰው ገንዘብ ይዤ ምን ፊት አለኝና ነው የምወጣው?» ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ሦስት ቀን እንዲሁ።

«እትዬ» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ «ገንዘቡን አተረፍሽ፣ ሰውየውን ግን ልትገድያቸው ነው።»

«መድኃኒቱን በምን ልግዛ? በመቀስህ?»

«ትንሽ ስጫቸዋ!»

«ሰጠኋቸው እንበል። ከዚያስ? በየቀኑ ከየት ላምጣ?»

ወንድምየው መቀሱን ይዞ ወደ ሥራው ሄደ።

በአራተኛው ቀን ክብርት ወይዘሮ ሱቅ ሄዳ አንድ ድፍን ገንዘብ በሳንቲም አስመነዘረች። ከዚያ የሰፈሩን በር አንድ በአንድ አንኳኳች። «አባባ ሲሰጧችሁ ተቀበሉ፣ አመስግኑና ሂዱ። በጓሮ በኩል መልሳችሁ ለኔ ታስረክባላችሁ። መስኮት ላይ ሆኜ እቆጥራለሁ።»

«ባልመልስስ?» አለች የፊት ለፊቷ፣ እየሳቀች።

«ቀሚስሽ አንድ እጅጌ ብቻ እንደተሰፋለት እኔ ጋ ነው።»

ሳቋ እዚያው ቀረ።

አባባ ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ምግብም በሉ። ሳንቲሙ በፊት በር ይወጣል፣ በጓሮ በር ይገባል፤ ያው ሳንቲም ሰፈሩን ሲዞር ይውላል። መድኃኒቱም ተገዛ። አከራዩ እንኳን የወሰደውን ከኪራዩ ላይ ቀነሰ፤ ምን ብላ እንዳስፈራራችው የሚያውቅ የለም።

አንድ ጠዋት ፀጉር አስተካካዩ ወደ ሥራ ሲወጣ አባቱ እጁን ያዙት።

«አንተ ጎረምሳ! መልስህን ትተህ የት ነው?»

ልጃቸው መሆኑን አላወቁትም። ሦስት ሳንቲም ቆጥረው መዳፉ ላይ አስቀመጡና ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፉለት። «ይቅርታህን፣ ብዙ አቆየሁህ።»

«ምንም አይደል፣ አባባ።»

ዓይኑን እየጠረገ ወደ ጓሮ ዞረ። እህቱ ከመስኮቱ ወርዳ ጣሳዋን ዘርግታ ቆማለች።

«አምጣ።»

ሁለቱን ጣለ። አንዷን ጨብጦ ያዛት።

«ስንት ሰጡህ?»

«ሁለት።»

ክብርት ወይዘሮ ጣሳውን አየች። የጨበጠ እጁን አየች። አፏን ከፈተች፤ እሱም ስድቡን ሊቀበል አንገቱን ደፋ።

«ሂድ በቃ» አለችው ጣሳውን እየከደነች፣ «ደንበኛ ያመልጥሃል።»